ከውትድርና አገልግሎት ጋር የተያያዘ ጉዳት፦ ትርጉሙ፣ ማስረጃውና አጠያየቁ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉና ዛሬም የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከፊሎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ከፊሎቹ በመኖሪያ ፈቃድ ገብተው የተመዘገቡ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በ2009 በተጀመረው ማቭኒ በተባለ ፕሮግራም፣ ሠራዊቱ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን አማርኛን በመቻላቸው የገቡ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሕመም ይዘው የሚሰናበቱ አሉ። በአገልግሎት ለተጎዱ ወታደሮች ካሣ የሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ ስለ ሕመማቸው ምን እንደሚል ሲጠየቁ ግን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ጦር ሜዳ አልቆሰልኩም፤ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ሌላው «ታምሜአለሁ፤ ስለዚህ ይገባኛል» ይላል። የመጀመሪያው መብቱን ከሚገባው በላይ አጥብቦታል፤ ሁለተኛው ደግሞ አስፍቶታል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ የዚህ ትምህርት ዓላማም እርሱን ማሳየት ነው።

አካሄዳችን ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ቁልፍ የሆኑትን ቃላት እንተረጉማለን። ቀጥሎ የካሣ ጥያቄ የሚቆምባቸውን ሦስት ነገሮች እናያለን። ከዚያም የሕግ ግምት ምን እንደሆነ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን፣ የጉዳት መጠን እንዴት እንደሚሰላ፣ በመጨረሻም ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ምን እንደሚደረግ እንማራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃላቱን እንለይ

የመጀመሪያው ቃል «የቀድሞ ወታደር» ወይም በተለምዶ «ቬተራን» የሚባለው ነው። በዚህ ሕግ ትርጉም የቀድሞ ወታደር ማለት በአሜሪካ ጦር በመደበኛ አገልግሎት ላይ ቆይቶ፣ ክብርን በሚያሳጣ ሁኔታ ሳይሆን የተሰናበተ ሰው ነው። ይህን የሚያረጋግጠው ዋናው ሰነድ ዲዲ 214 የተባለው የስንብት ወረቀት ነው። ከትርጉሙ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ የአሜሪካ ዜግነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጦርነት ላይ መዋል ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ በሥልጠና ላይ ወድቆ ጉልበቱ የተጎዳ ወታደርም በሕጉ ውስጥ አለ። ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ ለአሜሪካ ጦር የተሰጠ መሆን አለበት። በኮሪያ ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ ሆኖም የዘመቱት የኢትዮጵያ ጦር ሆነው ስለነበር ይህ ካሣ እነርሱን አይጨምርም። ይህን መለየት የጀግንነታቸውን ዋጋ አይቀንስም፤ የሕጉን ወሰን ብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው ቃል «ጉዳት» ነው። ጉዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተቆረጠ እግር ወይም የታወረ ዓይን ነው። በዚህ ሕግ ግን ጉዳት ማለት የሰውን የመሥራት ወይም የመኖር አቅም የሚቀንስ ማንኛውም የአካል ወይም የአእምሮ ችግር ነው። የወገብ ሕመም፣ አስም፣ የደም ግፊት፣ በጆሮ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ጩኸት፣ ከአስፈሪ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሁሉ በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባሉ። እንዲያውም በአገልግሎት ምክንያት የመጡ ተብለው ከሚመዘገቡት ጉዳቶች እጅግ የሚበዛው የጆሮ ጩኸት ነው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ፈጽሞ ሊያውቀው የማይችል ጉዳት ነው።

ሦስተኛው ቃል «ካሣ» ነው። ካሣ ማለት ወታደሩ በአገልግሎቱ ምክንያት ላጣው ጤና መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው፣ የፌዴራል የገቢ ግብር የማይነካው ክፍያ ነው። ይህንን ከሌሎች ሁለት ክፍያዎች ጋር መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ እንለያቸው። ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ «ፔንሽን» የሚባል ሌላ ድጋፍም አለው፤ እርሱ በጦርነት ዘመን ላገለገሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ላረጁ ወይም መሥራት ለማይችሉ የሚሰጥ ነው። ካሣ ግን ገቢን አይመለከትም፤ ሐኪምም ሆነ ነጋዴ፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ እኩል ይጠይቀዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ሲሆን በመሠረቱ የሚጠይቀው «መሥራት ትችላለህ ወይ?» ብሎ ነው። ካሣ የሚጠይቀው «አገልግሎቱ ምን ያህል ጎዳህ?» ብሎ ነው።

እስካሁን የተማርነውን እንሰብስበው። ካሣ ለአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው፣ በሚታይም ሆነ በማይታይ ጉዳት፣ ገቢው ሳይመረመር የሚጠይቀው መብት ነው። ምጽዋት ስላልሆነ ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፤ የሎተሪ ዕጣም ስላልሆነ ያለ ምክንያት አይሰጥም። ምክንያቱ እንዴት እንደሚታይ ወደሚያስረዳው ክፍል እንለፍ።

2. ጥያቄው የሚቆምባቸው ሦስት ነገሮች

ድስት በሁለት ጉልቻ እንደማይቆም ሁሉ የካሣ ጥያቄም በሁለት ማስረጃ አይቆምም። ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛው ዛሬ ያለ ጉዳት ነው፤ ይህም በሐኪም የተመረመረና ስም የተሰጠው መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው በአገልግሎት ጊዜ የሆነ ነገር ነው፤ አደጋ፣ ሕመም፣ ለመርዝ ወይም ለከባድ ድምፅ መጋለጥ፣ ወይም አእምሮን የሚጎዳ ክስተት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ትስስር ነው፤ የዛሬው ጉዳት ከዚያን ጊዜው ክስተት የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ማለት ነው።

አንድ ወታደር እናስብ። በ2011 ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ተንሸራቶ በጀርባው ወደቀ። ወደ ካምፑ ክሊኒክ ሄደ፤ ማስታገሻ ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። ከተሰናበተ በኋላ ታክሲ እየነዳ ዓመታት አሳለፈ። ወገቡ ሲያመው ከፋርማሲ ክኒን እየገዛ ይውጣል እንጂ ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ዛሬ ተመርምሮ የዲስክ መንሸራተት እንዳለበት ተነገረውና የምርመራውን ውጤት ብቻ አያይዞ አመለከተ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

ለምን? ጉዳት አለ፤ ተመርምሯል። ክስተቱም አለ፤ የክሊኒኩ መዝገብ ይመሰክራል። የጎደለው ሦስተኛው ነው። ቪኤ የሚያየው በ2011 አንድ ጊዜ የታመመ ወገብ፣ ከዚያ የረጅም ዓመታት ዝምታ፣ ከዚያም ዛሬ የታመመ ወገብ ነው። በመካከሉ ያለውን ባዶ ቦታ ታክሲ መንዳትም፣ ዕድሜም ሊሞሉት ይችላሉ። ስለዚህ መታመምና ሕመሙ ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አጥብቀን እንያዝ። አመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው መታመሙን ለማስረዳት ነው፤ ድካሙ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ትስስሩ ላይ ነው።

3. ትስስሩ የሚታይባቸው መንገዶች

ትስስር በአንድ መንገድ ብቻ አይታይም። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀጥተኛ ትስስር ነው፤ አደጋው በአገልግሎት ደረሰ፣ ጉዳቱም ከዚያው አደጋ ቀጠለ። ሁለተኛው ተከታይ ጉዳት ነው፤ ከአገልግሎት የመጣ አንድ ጉዳት ሌላ ጉዳት ሲወልድ ማለት ነው። በአገልግሎት የተጎዳ ቀኝ ጉልበት ሰውየውን ለዓመታት እያነከሰ የግራ ዳሌውን ቢጎዳው፣ ዳሌው በአገልግሎት ጊዜ ምንም ሳይሆን የአገልግሎት ጉዳት ይሆናል። ሦስተኛው የተባባሰ ጉዳት ነው፤ ከመግባቱ በፊት የነበረው ችግር ከተፈጥሮው ሂደት በላይ በአገልግሎት ምክንያት ሲከፋ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ጥበቃ ያደርጋል። ወታደሩ ሲቀጠር በተደረገለት ምርመራ ላይ ችግሩ ካልተጻፈ፣ ጤነኛ ሆኖ እንደገባ ይቆጠራል፤ «ድሮም ነበረብህ» የሚል ወገን ግልጽና የማያሻማ ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

አራተኛው መንገድ በሕግ ግምት የሚመጣ ትስስር ነው። እርሱ ሰፊ ስለሆነ ለብቻው እንየው።

4. የሕግ ግምት ምንድን ነው?

የሕግ ግምት ማለት አንድ ነገር ሲረጋገጥ ሌላው ነገር እንደተረጋገጠ እንዲቆጠር ሕጉ ሲያዝ ነው። እዚህ የሚገመተው ትስስሩ ነው። ወታደሩ በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜ ማገልገሉ ከታወቀና በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ያለ በሽታ ካለበት፣ በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይገመታል፤ ትስስሩን እንዲያስረዳ አይጠየቅም።

ይህ ለምን አስፈለገ? የቬትናም ጦርነት መልሱን ይሰጣል። የአሜሪካ ጦር ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለውንና ሌሎች ቅጠል አርጋፊ መርዞችን በጫካው ላይ ረጨ። ከዚያ የተመለሱ ወታደሮች ካንሰርና ሌላ በሽታ የያዛቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር። ማን፣ የት፣ ምን ያህል መርዝ እንደተነፈሰ የሚያሳይ መዝገብ የለም። ትስስሩን እያንዳንዱ በግሉ እንዲያስረዳ ማድረግ የማይቻለውን መጠየቅ ሆነ። በ1991 የወጣው የኤጀንት ኦሬንጅ ሕግ ይህን ሸክም አቀለለ። ከጃንዋሪ 9 ቀን 1962 እስከ ሜይ 7 ቀን 1975 በቬትናም ያገለገለ ሰው ለመርዙ እንደተጋለጠ ይገመታል። በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ካምፕ ለጁን ደግሞ የመጠጥ ውኃው ተበክሎ ስለነበር፣ ከኦገስት 1953 እስከ ዲሴምበር 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 30 ቀን በዚያ ያገለገሉ ወታደሮች ስምንት በሽታዎች በግምት ይያያዙላቸዋል።

ለአዲሱ ትውልድ ትልቁ ሕግ ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት አክት ነው። በኢራቅ፣ በአፍጋኒስታንና በሌሎች ካምፖች ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ የሕክምና ቆሻሻና የሰው ዓይነ ምድር ሳይቀር ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ በነዳጅ ይቃጠል ነበር፤ ጭሱም ወታደሩ የሚተኛበት ድንኳን ድረስ ይገባ ነበር። ሕጉ አስምን፣ ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመምን፣ በርካታ የሳንባ በሽታዎችንና ብዙ ዓይነት ካንሰሮችን በግምቱ ውስጥ አስገባ። ለኤጀንት ኦሬንጅ ተጋላጮችም የደም ግፊትን ጨመረ።

ይህ ግምት በቦታና በጊዜ የታጠረ መሆኑን ለማየት የራሳችንን አካባቢ እንመልከት። ሶማሊያ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ጀምሮ፣ ጅቡቲ ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ በፓክት አክት የቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ በጅቡቲ ካምፕ ለሞኒዬ አገልግሎ ከስንብት በኋላ አስም የተገኘበት ወታደር ትስስሩ ይገመትለታል። በ2010ሩ ዓመታት የአሜሪካ አየር ኃይል ሰው አልባ አውሮፕላን ያበርርበት በነበረው በአርባ ምንጭ ብቻ ያገለገለና ያው አስም የያዘው ባልደረባው ግን በቦታው ምክንያት ግምቱን አያገኝም።

ታዲያ የአርባ ምንጩ ወታደር ተከልክሏል ማለት ነው? አይደለም። ይህ ልዩነት በደንብ ይያዝ። ግምት አለማግኘት ካሣ መከልከል አይደለም፤ ለእርሱ ቀጥተኛው መንገድ ክፍት ነው፤ ለምን ዓይነት ነገር እንደተጋለጠና አስሙ ከዚያ እንደመጣ በማስረጃ ማሳየት ይችላል። የጅቡቲው ወታደርም ቢሆን ሁሉም ነገር አልተሰጠውም። የተገመተለት ትስስሩ ብቻ ነው፤ አስም እንዳለበት የሚያሳይ የሐኪም ምርመራና በጅቡቲ ማገልገሉን የሚያሳይ መዝገብ አሁንም ይጠየቃል።

በአጭሩ፣ ግምት ከሦስቱ ነገሮች የትስስሩን ሸክም ያነሳል፤ የዛሬውን ጉዳት ግን አይተካም። በቦታና በጊዜ የተወሰነ ነው፤ ከወሰኑ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ በሌላው መንገድ ይሄዳል።

5. ማስረጃ እንዴት ይመዘናል?

አሁን ትስስሩን ራሱ ማስረዳት ያለበትን ሰው እንመልከት። ምን ያህል ማስረዳት ይጠበቅበታል? በወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕግ ምክንያታዊ ጥርጣሬ እስኪጠፋ ድረስ ያስረዳል። በፍትሐ ብሔር ክርክር የተሻለ ያስረዳ ይረታል። በዚህ ሕግ ግን ሚዛኑ ከሁለቱም ይቀላል፤ ማስረጃው ለ«አዎን»ና ለ«አይደለም» እኩል ሲሆን ውሳኔው ለወታደሩ ይሆናል። ጥርጣሬው ለእርሱ ጥቅም ይተረጎማል ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ስለ ትስስሩ አስተያየት የሚሰጠው ሐኪም እርግጠኛ እንዲሆን አይፈለግም፤ «ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ዕድል አያንስም» ካለ ይበቃል። «ሊሆን ይችላል» ብቻ ካለ ግን አይበቃም፤ ሊሆን የማይችል ነገር ጥቂት ነውና። አስተያየቱ ምክንያት ሊኖረውም ይገባል። ሐኪሙ የትኛውን መዝገብ እንዳየ፣ ለምንስ እንደዚያ እንዳሰበ ካልጻፈ ቃሉ ክብደት አያገኝም።

ማስረጃ ሦስት ዓይነት ነው። የአገልግሎት መዝገብ የት እንደነበረና ምን እንደሆነ ያሳያል። የሕክምና መዝገብ በሽታውንና ታሪኩን ያሳያል። ሦስተኛው የሰው ምስክርነት ነው፤ የራሱ፣ የባልደረባው፣ የቤተሰቡ ቃል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አመልካቹን የመርዳት ግዴታ ስላለበት በመንግሥት እጅ ያሉትን መዛግብት መፈለግ አለበት። መዝገብ ግን ሊጠፋም ይችላል፤ ጁላይ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ በተነሣው ቃጠሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ የወታደሮች ፋይል ጠፍቷል። የምስክርነት ዋጋ ይበልጥ የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ምስክር የሚናገረው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን እንጂ የሐኪምን ሥራ አይደለም። የታክሲ ነጂው ባለቤት «ባለቤቴን ወገቡን በጣም ያመዋል፤ ከጦሩ የመጣ ነው» ብላ ብትጽፍ ቃሏ እውነት ቢሆንም ደካማ ነው። «በ2012 ከጦሩ ሲመለስ ጀምሮ ጠዋት ካልሲውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ልጃችንን ከመኪና አውጥቶ ማቀፍ ትቷል። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን ሙሉ ቆሞ መጨረስ አይችልም፤ እየወጣ በደጀ ሰላም ይቀመጣል» ብላ ብትጽፍ ግን በክሊኒኩ መዝገብና በዛሬው ምርመራ መካከል የነበረውን ባዶ ቦታ ሞላችው። የመጀመሪያው ቃል ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ውሳኔ ሰጪው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የካሣ ምርመራ ነው። ቪኤ አመልካቹን ወደ መርማሪ ሐኪም ይልካል። ይህ ሐኪም የሚያክም አይደለም፤ ውሳኔም አይሰጥም፤ አይቶና ጠይቆ ይጽፋል፤ ውሳኔ ሰጪው ደግሞ የተጻፈውን ያነባል። በዚህ ቦታ የእኛ ሰው ያደገበት ጨዋነት ሳይታሰብ ሊጎዳው ይችላል። መርማሪው ገና ሲገባ «እንዴት ነህ?» ይለዋል። እርሱም እንደ አገሩ ልማድ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። «እንቅልፍስ?» ሲባል፣ በሌሊት ሦስቴ እየባነነ የሚነሣው ሰው «ምንም አይል» ብሎ ያልፋል። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን አመልካቹ የከፋ ምልክት እንደሌለው መናገሩ ነው። ምስጋናው ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ሰላምታ ላይ ነው። ለምርመራ ጥያቄ የሚገባው መልስ ዝርዝር ነው፤ ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ሰዓት፣ በክፉው ቀን ምን ይሳነዋል፣ በደህናው ቀንስ? በተለይ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ብዙዎቻችን መናገር ያሳፍረናል። የአእምሮ ጉዳት እንደ ጉልበት ጉዳት ሁሉ ጉዳት ነው፤ ያልተነገረ ደግሞ አይመዘንም። ከቀጠሮው ያለ በቂ ምክንያት መቅረትም ጥያቄውን ሊያስወድቅ ስለሚችል፣ የማይመች ከሆነ አስቀድሞ ደውሎ ማስቀየር ይገባል።

6. የጉዳት መጠን አሰላል

ትስስሩ ከጸና በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን ያህል?» የሚል ነው። መጠኑ ከ0 እስከ 100 በመቶ፣ በ10 በ10 ከፍ እያለ ይሰጣል። ለየጉዳቱ መለኪያ አለው። ለምሳሌ ወገቡን ወደ ፊት ማጎንበስ ከ30 ዲግሪ የማያልፍለት ሰው 40 በመቶ ያገኛል። የጆሮ ጩኸት በአንድ ጆሮም ይሁን በሁለቱ 10 በመቶ ነው።

ብዙ ጉዳት ሲኖር መቶኛዎቹ አይደመሩም። እያንዳንዱ ጉዳት የሚቀንሰው ከቀረው ጤና ላይ ነው። ወገብ 40፣ አስም 30፣ ጆሮ 10 የተሰጠውን ሰው እንውሰድ። ከ100 ላይ 40 ሲነሣ 60 ይቀራል። የአስሙ 30 በመቶ የሚሰላው ከ60ው ላይ ስለሆነ 18 ነው፤ ጉዳቱ 58 ደረሰ። የቀረው 42 ነው፤ ከእርሱ 10 በመቶ 4 ገደማ ነው፤ ድምሩ 62 ሆነ። ይህ ወደሚቀርበው አሥር ሲጠጋ 60 በመቶ ይሆናል። ሰውየው 80 ጠብቆ 60 ቢያገኝ አልተበደለም ማለት ነው፤ አሠራሩ እንዲህ ነውና።

ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በጸናው ሠንጠረዥ 10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር፣ ቤተሰብ ለሌለው ሰው 100 በመቶ 3,831.30 ዶላር ነበር፤ ሠንጠረዡ በየዓመቱ በኑሮ ውድነት ልክ ይስተካከላል። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹና በእርሱ ለሚተዳደሩ ወላጆቹ ጭማሪ ያገኛል።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ በስሕተት ይታያሉ። አንደኛው 0 በመቶ ነው። 0 በመቶ ማለት «ውድቅ» ማለት አይደለም፤ ትስስሩ ጸንቷል፣ ጉዳቱ ግን ለጊዜው ለክፍያ አልደረሰም ማለት ነው። ወደፊት ቢብስ የሚጠየቀው መጠኑን ማሳደግ ብቻ ነው። ሁለተኛው 100 በመቶ ነው። በመለኪያው 100 በመቶ የደረሰ ሰው ሥራ መሥራት አይከለከልም። መተዳደሪያ የሚሆን ቋሚ ሥራ መያዝ የሚከለከለው በሌላ መንገድ፣ «ከጉዳቴ የተነሣ ቋሚ ሥራ መያዝ አልችልም» ብሎ በ100 በመቶ ልክ የሚከፈለው ሰው ነው። ለዚህ መንገድ በመደበኛው አንድ ብቻውን 60 በመቶ የሆነ ጉዳት፣ ወይም ተጣምረው 70 ሆነው አንዱ ቢያንስ 40 የሆነ ጉዳቶች ያስፈልጋሉ።

ካሣው ወታደሩ አሜሪካን ለቆ ቢወጣም አይቋረጥም። አዲስ አበባ ተመልሶ የሚኖር ሰው ክፍያው ይቀጥልለታል፤ ከአገልግሎት ጋር ለተያያዘው ጉዳት ሕክምናም በውጭ አገር የሕክምና ፕሮግራም በኩል ወጪው ሊሸፈንለት ይችላል።

7. ቀኑና ይግባኙ

ካሣ የሚቆጠረው በአብዛኛው ጥያቄው ከገባበት ቀን ነው እንጂ ሕመሙ ከጀመረበት አይደለም። ከስንብት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ግን ከስንብቱ ማግስት ይቆጠርለታል። ማስረጃው ገና ያልተሟላለት ሰው ቀኑን የሚያስከብርበት መንገድ አለ። «ላመለክት አስቤአለሁ» የሚል አጭር ማስታወቂያ፣ ማለትም ቅጽ 21-0966 ያስገባል። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ማመልከቻ በቅጽ 21-526ኢዜድ ለማስገባት አንድ ዓመት አለው። በዓመቱ ውስጥ ካስገባ ቀኑ ከማስታወቂያው ይቆጠራል።

ውሳኔው ባይስማማው ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ ሦስት መንገዶች አሉ። አዲስና ለጉዳዩ የሚረባ ማስረጃ ያለው ሰው ተጨማሪ ማመልከቻ ያቀርባል። ማስረጃው ያው ሆኖ ስሕተቱ አመዛዘን ላይ ነው የሚል ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያይለት ይጠይቃል፤ በዚህኛው መንገድ አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም። ዳኛ እንዲያይለት የሚፈልግ ወደ ይግባኝ ቦርድ ይሄዳል። የታክሲ ነጂያችን መንገድ የትኛው ነው? የጎደለው ትስስር ስለነበር የሐኪም አስተያየትና የባለቤቱን ምስክርነት ይዞ በመጀመሪያው መሄድ አለበት። በሁለተኛው ቢሄድ ያው የጎደለ ፋይል እንደገና ይነበባል። ከውሳኔው ደብዳቤ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሳያልፍ ከቀጠለ የመጀመሪያው ቀኑ ይጠበቅለታል፤ ዓመቱ ካለፈ ተጨማሪ ማመልከቻ ማቅረብ ቢችልም ቀኑን ያጣል። ከፓክት አክት በፊት ውድቅ የሆነበትና አሁን በግምቱ ውስጥ የገባ ሰውም በዚሁ በመጀመሪያው መንገድ ይመለሳል።

አመልካቹ ይህን ሁሉ ብቻውን መሥራት የለበትም። አሜሪካን ሌጅን፣ ዲኤቪና ቪኤፍደብሊው የመሳሰሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች አሏቸው፤ በነጻ ያዘጋጃሉ። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማዘጋጀት ማንም ክፍያ መቀበል አይችልም። «ከሚመጣልህ ገንዘብ ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው መሆኑን መጠየቅ፣ ከዚያም ጉዳዩ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ደረጃ ላይ መሆን አለመሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

8. የተማርነውን በሥራ ማዋል

ትምህርቱን እንጠቅልለው። ካሣ መብት ነው፤ የሚቆመውም በዛሬ ጉዳት፣ በአገልግሎት ክስተትና በትስስር ነው። ትስስር በቀጥታ፣ በተከታይ፣ በመባባስ ወይም በሕግ ግምት ይታያል። ሚዛኑ እኩል ሲሆን ለወታደሩ ያደላል። መቶኛ ከቀረው ጤና ላይ ይሰላል። ቀን በማስታወቂያ ይከበራል፤ ውድቅ የሆነም በጎደለው ነገር ልክ ተመርጦ በሚኬድበት መንገድ ይመለሳል።

ከዚህ እውቀት የሚወለደው ሥራ ግልጽ ነው። ገና በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው ሲታመም «ይለፍ» ብሎ ከመሸፈን ወደ ክሊኒክ ሄዶ ያስመዘግብ፤ ከስንብቱ በፊት የሕክምና መዝገቡን ሙሉ ቅጂ ይውሰድ። የተሰናበተ ሰው ዛሬ ማስታወቂያውን አስገብቶ ማስረጃውን በዓመቱ ያሰባስብ። ሲጽፍና ሲናገርም ሁለት ነገሮችን ይጠብቅ፤ የሌለውን አይጨምር፣ ያለውን አይደብቅ። ማጋነን በሕግ ያስቀጣል፤ ማሳነስ ደግሞ ውሳኔ ሰጪውን ያሳስታል፤ ሁለቱም እውነቱን ከሚዛኑ ያወጡታል። ሕጉ የሚፈልገው እንደሆነው የተነገረ ሕመም ነው፤ እርሱን በሥርዓቱ ያቀረበ ሰው የሚገባውን በትክክል ጠይቋል።